ሐጂ ከድር የጠጧት ብርጭቆ

ይህን የምጽፈው እህቴ ከመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ሌላ ምንም አታነብም በሚል ተስፋ ነው። ለማንኛውም ብዬ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬአለሁ። አዳማን ግን መቀየር አልቻልኩም። ነገሩ ሌላ ከተማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይሞቅም ነበር፤ ባይሞቅ ደግሞ እኔም ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስብሰባ በማይጠፋበት አንድ የአዳማ ሆቴል ውስጥ ባርማን ነበርኩ። ጎበዝም ነበርኩ፤ በዚህ ሐሰተኛ ትሕትና አላሳይም። ሎሚ በመዳፌ ይዤ ስንት ማንኪያ ጭማቂ እንደሚወጣው መገመት እችላለሁ። አባቴ ጋሽ በቀለ ሥራዬን «አረቄ ማማሰል» ነበር የሚለው። እሱ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሰ ሰው ስለሆነ፣ ላብና ናፍታ የማይሸት ሥራ ሥራ አይመስለውም።

እናታችን ካረፈች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ቤት ውስጥ የቀረነው ሦስት ነን፤ አባዬ፣ እኔና ታላቄ ሰናይት። ሰናይት መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ቤቱን የምትይዘውም፣ የአባዬን የደም ግፊት የምትለካውም፣ ከጎረቤት ጋር ሲጣላ የምታስታርቀውም እሷ ናት። እኔ የማድረው ሆቴሉ በሰጠኝ ክፍል ነበር፤ ቤት የምመጣው እንግዳ ሆኜ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የዱባይ ቪዛዬ ወጥቶ ነበር። አንድ ትልቅ ሆቴል ባርማን አድርጎ ቀጥሮኛል፤ ለመሄድ አርባ ቀን ያህል ቀርቶኛል። ለአባዬ ስነግረው «ሂድ፣ ሰናይት አለች» አለኝ። እኔም ልክ እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ችግሩ ሰናይት ገመቹን ልታገባ መሆኑ ነው። ገመቹ የቡልቡላ ልጅ ነው፤ ባቱ አበባ እርሻ ውስጥ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ሲያወሩት የሚሰማ ሰው ነው። አባዬ ራሱ «ልጁ ጥሩ ነው» ይላል። ነገር ግን የገመቹ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲመጡ «እንመካከርበት» ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው «ዘመድ ሞቶብን ሐዘን ላይ ነን» አለ። ሞተ የተባለውን ዘመድ እኔም ሰናይትም ስሙን እንኳ ሰምተን አናውቅም።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዱባይ ስሄድ፣ እሷ ባቱ ስትገባ አባዬ በዚያ ቤት ብቻውን ሊቀር ነው። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። ከሁሉም በላይ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰናይት ካላገባች እኔ ያለ ጸጸት እሄዳለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሐጂ ከድር ነበሩ፤ የገመቹ አባት በሕይወት ሳሉ የቅርብ ወዳጃቸውና ጎረቤታቸው፣ ልጁንም ከአባቱ ሞት በኋላ እንደ ልጃቸው ያሳደጉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቡልቡላ ነጋዴ። ከሁለተኛው በኋላ በስልክ መልእክት ላኩ፦ «ሦስተኛው የመጨረሻችን ነው። አራተኛ ጊዜ ልጃችንን አናዋርድም።» ሰናይት ያን ቀን ከሥራ ገብታ እራት ሳትበላ ተኛች።

ሦስተኛው ቀጠሮ በግንቦት መጀመሪያ አንድ እሑድ ላይ ዋለ።

የአባዬ እህት እትዬ ዘነበች ከዋዜማው ጀምራ ቤቱን ተቆጣጥራዋለች። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ልንባል ነው? ቢፈቀድልን ባዶ እጃችንን ልንገኝ ነው?» ብላ ዶሮውን በራሷ ውሳኔ አሳረደች። ሰናይት ደግሞ የሥራ ባልደረቦቿንና ጎረቤቶቹን ለስምንት ሰዓት ጠርታለች። አንድ አርባ ሰው ይሆናል። ለኔ የደረሰኝ መጠጡ ነው።

«ሁለት ዓይነት አድርገው» አለችኝ። «አንዱ ጂን ያለበት፣ ለጓደኞቼ። አንዱ ምንም የሌለበት፣ ለሐጂና ለጴንጤዎቹ። ደግሞ ጣፋጭ ይሁን፤ የሆቴላችሁን ፊት የሚያጨማድድ እንዳታመጣብኝ።»

«እምቢ ቢልስ?» አልኳት።

«ያኔ ሁላችንም ጂን ያለበትን እንጠጣለን» አለችና ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጓሮ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ጀመርኩ። አንድ ጆንያ የማይሞላ ሎሚ፣ ከመርቲ በኩል የሚመጣው ብርቱካን፣ ጥቂት መንደሪን። የብዙ ሰው መጠጥ ሲሠራ ሰው የሚሳሳተው ቸኩሎ ፍሬውን ሁሉ ከነልጣጩ ጁስ መፍጫ ውስጥ ሲከት ነው፤ ዘሩና ነጩ ልጣጭ አብሮ ከተፈጨ መጠጡ ይመራል፤ የመረረውን ደግሞ ስኳር አይመልሰውም። እኔ የላይኛውን ልጣጭ ብቻ በስሱ ልጬ ከስኳር ጋር አሸሁት። ስኳሩ ዘይቱን መጥጦ እርጥብ አሸዋ መሰለ። ከዚያ ሎሚውን በመዳፌ ጠረጴዛው ላይ እያንከባለልኩ አለሰለስኩት፤ እንዲህ ሲሆን ጭማቂው በደንብ ይወጣል። እየቆረጥኩ ጨመቅሁ፣ በወንፊት አጠለልኩ፣ ዝንጅብል ያፈላሁበትን የስኳር ውሃ ጨመርኩ። ቢጫው ባልዲ ውስጥ ጂኑን ገለበጥኩ። ሰማያዊው ንጹሕ ነው። በረዶውን ከሆቴል በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በባጃጅ አምጥቼው ነበር።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሳሎን ያለው ቬንትሌተር ዞሮ ዞሮ ቆመ። ቆርቆሮው ከላይ ጠጥ ጠጥ ማለት ጀመረ።

አምስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሐጂ ከድር ነጭ ሸሚዝና ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ከዘራ ይዘው ከፊት። ቃል አቀባዩ አቶ ለማ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከኋላ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሳይሆን የሚኒባሱ ሾፌር ደረጀ ነው፤ ሊመጣ የነበረው ሰው ስለታመመ ቁጥር እንዲሞላ ኮት አልብሰውት ነው የመጡት።

አባዬ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። «አካም ነጉማ፣ ሐጂ!» «ነጉማ፣ ነጉማ፣ በቀለ። ቤተሰብ ደኅና?» ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

ከዚያ እኔ ትሪ ይዤ ገባሁ።

ሆቴላችን ውስጥ እንግዳ ደጃፉን ሲረግጥ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ቀዝቃዛ መጠጥ ይቀርብለታል። አምስት ዓመት እንደዚያ ስሠራ እጄ ለምዶታል። አራት ብርጭቆ ከሰማያዊው ባልዲ ቀድቼ፣ የብርጭቆዎቹ አፍ ላይ ቀጭን የሎሚ ቁራጭ ሰክቼ፣ ፈገግ ብዬ እንግዶቹ ፊት ቆምኩ። ሐጂ ከድር ወደ ግድግዳው አዩ። አቶ ለማ መነጽራቸውን አወለቁ። ደረጀ ግን ከቡልቡላ ድረስ በዚያ ሙቀት የነዳ ሰው ነው፤ አንዱን አነሣና በአንድ ትንፋሽ ግማሹን አወረደው።

በእኛ ወግ ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ በዚያ ቤት ምንም አይቀምስም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ዘንግቼው ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ለራሴ ተናግሬአለሁ። እውነት ዘንግቼው ይሁን፣ ወይስ አንዱ የውስጤ ክፍል ነገሩ እንዲበላሽ ፈልጎ እጄን መርቶት ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

አባዬ ፊቱ በራ። «እንዴ፣ ጉዳያችሁን ሳትነግሩን ጠጣችሁ? ለልጅ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለጥየቃ ነው! በሉ ጎሽ፣ ጠጡ፣ እንጫወት።»

ደረጀ ብርጭቆውን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አቶ ለማ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሐጂ ከድር ከዘራቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«በቀለ፣ እሱ ሾፌር ነው፤ ይጠጣ። ሽማግሌው እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ልጅህም ይስማ፣ አንተም ስማ። መልስህን ሳልሰማ በዚህ ቤት ውሃም አልቀምስም። ይህን ቃሌን የምበላ ከሆነ ሽማግሌ ተብዬ ሁለተኛ የሰው ደጅ አልረግጥም።»

ከትሪዬ የተነሣ ነው ይህ መሐላ የመጣው። ልብ በሉልኝ።

አቶ ለማ ቆመው ለመኑ። አባዬ ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ ስለ ጅቡቲ መንገድ አወራ፤ ስለ ድሮ ሽማግሌዎች አወራ፤ እናታችን ሰናይትን ስትወልድ ዝናብ እንደነበር አወራ። ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነሣ። «እኔ ላፍታ ልግባ። ማንም አይጥራኝ። ስወጣ መልሴን ይዤ ነው የምወጣው» ብሎ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጠበቅን። ቤቱ እንደ ምጣድ ግሏል። እኔ ጓሮና ሳሎን እመላለሳለሁ፤ በረዶው እየቀለጠ ባልዲዎቹን እንዳያቀጥናቸው አውጥቼ ለብቻ አስቀመጥኩት። እትዬ ዘነበች ማድ ቤት በር ላይ ቆማ ጸሎት ይሁን እርግማን የማይለይ ነገር ታነበንባለች። ሰናይት በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ካለው መጋረጃ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሙሽራ እንዳትታይ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል አለፈ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰና ሰናይት እጄን ያዘችኝ።

«ሐጂን እያቸው» አለች በሹክሹክታ። «ስኳር አለባቸው እንዴ?»

አየኋቸው። ነጩ ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቋል። ላቡ የሙቀት ላብ አይመስልም። ከዘራውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ ለማን ጆሮአቸው ሥር ጠየቅኋቸው።

«አዎ፣ ስኳር አለባቸው» አሉ። «መርፌያቸውን ተወግተው ነው ጠዋት የወጣነው። መንገድ ላይ ቁርስ እንብላ ብላቸው በኋላ አሉኝ።»

ሐጂ ከድር ዘወር ብለው አቶ ለማን «ቱሉ፣ ከብቶቹ ገቡ?» አሏቸው። ቱሉ የገመቹ አባት ናቸው፤ ከሞቱ ሃያ ዓመታቸው።

ሰናይት መጋረጃውን ጨብጣ «ስኳራቸው ወርዷል» አለችኝ። «አሁኑኑ ጣፋጭ ነገር ይጠጡ። ራሳቸውን ከሳቱ በኋላ በአፍ ምንም መስጠት አይቻልም። ሮጥ በል!»

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እትዬ ዘነበች ፀሐይ ነካቸው ብላ ሁለቱንም ባልዲዎች አንሥታ ጥላ ውስጥ አስገብታ በአንሶላ ሸፍናቸዋለች። አንሶላውን ገፍፌ ከሰማያዊው ቀዳሁ። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሐል ቆም ብዬ ቀመስኩ፤ ማንም ተሳስቶ ቢሆን ለሐጂ ጂን ልሰጥ አልችልም። ንጹሕ ነው። የስኳሩን ውሃ ሦስት ማንኪያ ጨምሬበት ተመለስኩ።

«ሐጂ፣ ይቺን ይጠጡ። ሎሚ፣ ብርቱካንና ስኳር ብቻ ነው።»

ብርጭቆዋን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«በቀለ መለሰ?»

«መልሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ይቺን ይጠጡ፤ ስኳርዎ ወርዷል።»

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ፣ «ተናግሬአለሁ።»

አቶ ለማ ተንበረከኩ። «ሐጂ፣ ለጤና እኮ ነው። ሃይማኖትዎም ይፈቅዳል!»

«ሃይማኖቱ ይፈቅዳል። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ።»

ብርጭቆዋን ላስጨብጣቸው ስሞክር ገፉኝ፤ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ደረጀ ለቅሶ በተቃረበ ድምፅ «በግድ እናጠጣቸው» አለ። ሐጂ ከድር ጥርሳቸውን ነከሱ። አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀምሯል። በመጋረጃው ክፍተት ሰናይትን አየኋት፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል፤ ልትወጣ አንድ እግሯን አንሥታለች። ከመኝታ ቤቱ ምንም ድምፅ የለም።

በዚያች ቅጽበት አባዬን መጥራት እችል ነበር። አሥር እርምጃ ነው። ነገር ግን ጠርቼው እምቢ ቢልስ? እሺ ካላለ እኒህ ሰው አይጠጡም። እሺ ካለ ደግሞ የሰናይት ዕድል ተቃና፣ የኔ ዱባይ ግን አበቃ። ብዋሽ ግን እኒህ ሰው አሁኑኑ ይጠጣሉ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በቅደም ተከተል ነው፤ በጣም ቀዝቅዤ ነበር። የባርማን ልማድ ይሆናል፤ ሰው ሲጯጯህ እኛ መለካት ነው የምናውቀው።

«ሐጂ፣» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «አባዬ እሺ ብሏል።»

አቶ ለማ ቀና አሉ። «ምን አልክ?»

«ቅድም ልቀዳ ስወጣ በጓሮው በር ገብቼ ጠየቅሁት፤ ራሱ ይንገራችሁ ብዬ ነው ያልተናገርኩት። እሺ ብሏል። ልብሱን ለብሶ ይወጣል።»

መኝታ ቤቱ በእርግጥም ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር አለው። ስለዚህ አመኑኝ።

ሐጂ ከድር ፊታቸው ተፈታ። «ቢስሚላህ» ብለው ብርጭቆዋን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እኔም ከሥር ደገፍኳት። የቀረውን ጠጡ። ሁለተኛ ቀድቼ አመጣሁ፤ እሷንም ጠጡ። «ገለቶሚ፣ ልጄ» አሉ።

የረሳሁት ነገር ቢኖር ቤቱ ጆሮ እንዳለው ነው። እትዬ ዘነበች ማድ ቤት በር ላይ ሆና «እሺ ብሏል» የሚለውን ሰምታለች። እልልታዋን ለቀቀችው። ከአጥር ማዶ ጎረቤቶቹ ተቀበሏት። ገና በር ላይ የደረሱት የሰናይት ጓደኞች ደግሞ ከውጭ አስተጋቡት። ሰናይት መጋረጃውን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ቃሌ እንኳን አፋፍ፣ ሰፈሩን ዞሮ ጨርሷል።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

አባዬ ቡናማ ኮቱን ለብሶ ነበር። ጸጉሩን አበጥሯል። ከዚያ ኮት ምንም ማወቅ አይቻልም፤ ኮት የለበሰ ሰው እሺም፣ እምቢም ሊል ይችላል። እልልታውን ሰማ፣ ባዶዎቹን ብርጭቆዎች አየ። ሐጂ ከድር ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ቀለማቸው መመለስ ጀምሯል።

«በቀለ፣ አላህ ያክብርህ» አሉት። «ቃልህን ሰማን፣ ጠጣን። ቤትህ ይባረክ።»

አባዬ ወደኔ ዞረ። ትሪውን ደረቴ ላይ እንደ ጋሻ ይዤ ቆሜአለሁ። ምን ያህል እንዳየኝ አላውቅም፤ ረዘመብኝ። «ውሸት ነው» ቢል በዚያው ያበቃል፤ ሰናይትም፣ የቤታችን ክብርም፣ እኔም።

«ለሐጂ ድገምላቸው» አለ።

የቀረው እንደማንኛውም ጥሩ ቀን አለፈ። ሐጂ ለብቻቸው የተሠራላቸውን የጾም ወጥ በሉ፤ ተመረቀ፤ የሰኔ ጾም ሳይገባ ሠርጉ እንዲሆን ተቆረጠ። ጓደኞቿ ቢጫውን ባልዲ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱት። «እንዲህ ያለ ኮክቴል ዕድሜያችንን ጠጥተን አናውቅም» ብለው አመሰገኑኝ። እኔ ጥርሴን እያሳየሁ ቀዳሁ። አባዬ ከሰው ሁሉ ጋር ተጫወተ፤ ከኔ ጋር ብቻ ቃል አልተለዋወጠም።

እንግዶቹ ሲበተኑ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ ኒሟ ሥር ባልዲዎቹን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እሺ ያልኩት መቼ ነው?»

«አላልክም።»

«ታዲያ በማን አፍ ተናገርክ?»

«ሰውየው ሊሞቱ ነበር፣ አባዬ።»

«ይሙቱ አላልኩም። በሩ አሥር እርምጃ ነው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። እኔ ሳልናገር ተናገርክልኝ። አሁን ቃሉንም፣ የወለድኩትንም ላጠፋ ነው?»

«ምን ልትል ነበር?» አልኩት። ይህን ማወቅ ከምንም በላይ እፈልግ ነበር።

«እሱንማ አንተ ታውቃለህ» አለ። «ነግረሃቸው የለም እንዴ?» ብሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለ ዱባይ አንሥቶ «አትሂድ» አላለኝም። ያለኝ ቢሆን ኖሮ ተጣልቼው እሄድ ነበር። ሰናይት አግብታ ባቱ ከገባች በኋላ አንድ ጠዋት ሳላሳውቅ ቤት ስደርስ፣ የደም ግፊት መለኪያውን በአንድ እጁ ክንዱ ላይ ሊጠመጥም ሲታገል አገኘሁት። አላየኝም። ቁጭ ብዬ ጠመጠምኩለት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አውሮፕላኔ የሚነሣበት ቀን ሲደርስ ሆቴሌ ባንኮኒ ላይ ሎሚ እየቆረጥኩ ነበር። ክፍሌን ለቅቄ ዕቃዬን ወደ ቤት አምጥቼአለሁ።

ዱባይ መቅረቴን ሳወራ «መሥዋዕትነት ከፈልክ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እባካችሁ እናንተ አትበሉኝ። መሥዋዕት የሚከፍል ሰው አስቦበት ነው። እኔ ሰው እንዳይሞት አንድ ቃል ዋሸሁ፤ ቃሉ ደግሞ ተከትሎኝ ቤት ገባና «በል እንግዲህ ያዘኝ» አለኝ። ከዚያ በፊት ሰው የጠየቀኝን ቀድቼ፣ ሒሳቤን ዘግቼ የምሄድ ዓይነት ሰው ነበርኩ። አባቴን እንኳ ለእህቴ ትቼ ለመሄድ የተዘጋጀሁ ነበርኩ። በዚያ ቀን ግን የሌላ ሰው ቃል አፌ ውስጥ ገባ፤ የሌላ ሰው ቃል አንድ ጊዜ ከዋጡት እንደ ራስ ቃል መጠበቅ ያስፈልጋል። ጸጽቶኛል? አንዳንድ ቀን በጣም። ዱባይ ያሉ ጓደኞቼ ፎቶ ሲልኩልኝ ይከፋኛል፤ አልደብቃችሁም። በአባዬም ለብዙ ጊዜ ተቀይሜ ኖሬአለሁ። «ልክ ነህ» ወይም «ጥፋተኛ ነህ» ቢለኝ ምን አለበት? አንዱንም አላለም።

ሐጂ ከድር ዛሬም በሕይወት አሉ። እውነቱን አያውቁም። ሰናይትም አታውቅም። በየፋሲካው ከገመቹና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከባቱ ትመጣለች፤ በየፋሲካው የአባዬን ጉልበት ስማ «ያን ቀን እሺ ባትል ኖሮ» ትለዋለች። አባዬ አንድ ጊዜ ወደኔ ያይና ወሬ ይቀይራል። አምስት ፋሲካ እንደዚህ አለፈ።

ዘንድሮ ጉልበቱን የሳመችው ትልቋ ልጇ ናት። እናቷ «አያትሽ እሺ ባይል ኖሮ አንቺ የለሽም ነበር» ስትላት፣ ልጅቷ ቀና ብላ «እውነት እሺ ብለሃል፣ አያዬ?» ብላ ጠየቀችው። ልጅ አይደለች፣ ማረጋገጥ ትፈልጋለች።

አባዬ እንደ ልማዱ ወደኔ አየ። በዚህኛው ግን ዓይኑን አልመለሰም።

«አዎ» አለ እያየኝ። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ እንደኖርኩ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።